የኦረስት ምስጋና

ኦረስት መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ መስተዋት ፊት ቆሞ፣ አማቹን ያመሰግናል። ሚስቱ ቨርና ካውያ ልታመጣ ስታልፍ ኮሪደሩ ላይ ሰማችው። «ዛሬ እዚህ መቆም የቻልኩት በአማቼ በጋርት ብርታት ነው» ይላል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ያርፋል፤ አፍንጫው ላይ የተሰካው የኦክስጅን ቱቦ እስስ ይላል፤ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። «ዛሬ እዚህ መቆም የቻልኩት በአማቼ በጋርት ብርታት ነው። እሱ ባይኖር ኖሮ ይህ ሕግ አይወጣም ነበር።» ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ወፈር አድርጎ፣ የቤተ ክርስቲያን ንባብ አስመስሎ ነው የሚላት። ቨርና ትንሽ ቆመች። ከዚያ በላይ ለመስማት አንጀቷ አልቻለም። ወደ ማእድ ቤት ተመለሰችና ሬዲዮኑን እስከ መጨረሻው አስጮኸችው።

ሬዲዮኑም አልራራላትም። «ዛሬ የምክር ቤቱ የመጨረሻ የስብሰባ ቀን ነው» አለ አንዱ ቁርሱን በልቶ የጠገበ ድምፅ፤ «የጋርት ሕግ እየተባለ የሚጠራው ረቂቅ ከሰዓት በኋላ ይጸድቃል ተብሎ ይጠበቃል።» የጋርት ሕግ! ጋርት ሊንድግሬን ጎተራ ውስጥ እግሩን አስገብቶ አያውቅም፤ ስንዴን የሚያውቃት ዳቦ ሆና ነው። ሕጉ የእህል ጎተራ ሠራተኞች ሕግ ነው። በየባቡር ሐዲዱ ዳር በቆሙት ጎተራዎች ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ የእህል አቧራ ሲምጉ ኖረው ሳንባቸው የደረቀ ሰዎች፣ «በሽታችሁ ከአቧራው መምጣቱን አስረዱ» ሳይባሉ ካሳ እንዲያገኙ፣ ከሞቱም ሚስቶቻቸው እንዲያገኙ የሚል ነው። የጻፈችው ቨርና ናት። እዚሁ ማእድ ቤት፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ የቀድሞው የጎተራ ሠራተኛ ባሏ በጎን ክፍል ሲያስል እየሰማች ነው የጻፈችው። የተቃዋሚው ፓርቲ መሪ በነበረችባቸው ዓመታት በየዓመቱ አቀረበችው፤ በየዓመቱ መንግሥት ጣለባት። አሁን ምርጫው ለጥቅምት ሲቀጠር፣ የጎተራ መበለቶችን ተቃወመ መባል የሚፈልግ የለምና መንግሥትም እሺ አለ። እሺ ያለው ግን ለሷ አይደለም፤ ወንበሯን ለወሰደው ለልጇ ባል ነው።

ካውያው ስር የተዘረጋው ነጭ ሸሚዝ የኦረስት ነው። ትናንት «ምክር ቤት ሄጄ እንግዶች ሰገነት ላይ ቁጭ ብዬ ልይ» ሲላት ደስ ብሏት ነበር፤ ከቤት ከወጣ ቆይቷል። ለካ ሊያይ ብቻ አይደለም። ሕጉ ከጸደቀ በኋላ ደረጃው ላይ ከጋርት ጎን ቆሞ ለካሜራ ሊናገር ኖሯል። እሷን ከወንበሯ የገለበጠውን ሰው ሊያመሰግን፣ ያውም እሷ በተኮሰችው ሸሚዝ! ካውያውን ኮሌታው ላይ አስቀምጣ ልትረሳው አሰበች። እጇ ግን እምቢ አላት፤ አርባ ዓመት የኦረስትን ሸሚዝ ሲተኩስ የኖረ እጅ ነው፣ ክፋት አልለመደም። ክፋቱን ሌላ ቦታ እጠቀምበት ይሆናል ብላ ሸሚዙን ወንበር ላይ ሰቀለችው።

ኦረስት ጸጉሩን በውሃ አበጥሮ፣ ኦክስጅኑን በትንሿ ጋሪ እየጎተተ መጣ። «ሬዲዮኑን ምን እንዲህ አስጮኸሽው?» አላት።

«የአየር ሁኔታ ልሰማ።»

«ታዲያ ምን አለ?»

«ነፋስ።»

«ሬጃይና ውስጥ ነፋስ መኖሩን ለማወቅ ሬዲዮ ያስፈልጋል እንዴ?» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ እስኪያልፍ ሁለቱም ጠበቁት። እንቁላል ጠበሰችለት። እንቁላል መወደዱን፣ የጎረቤታቸው ውሻ አጥር መቆፈሩን፣ ባለፈው ሳምንት የተከላት ቲማቲም ውርጭ እንዳይመታት መሸፈን እንዳለባት ተነጋገሩ። በመሃል ዕድል ሰጠችው። ቢነግራት ትቆጣለች፣ ትጮኻለች፣ ከዚያ ይቅር ትለዋለች፤ ራሷን ታውቃለች። «ዛሬ ከማየት ሌላ የምታደርገው ነገር አለ?» አለችው። ኦረስት ቢላዋውን አነሳና ዳቦው ላይ ማርማላታ በጥንቃቄ ቀባ፤ አራቱም ጥግ እስኪዳረስ። «ምን ይኖረኛል?» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያት። ቨርና ሰሃኑን አነሳችና ወደ ማጠቢያው ሄደች። ለመልበስ ስታልፍ፣ የልጃቸው የላሪሳ የቀድሞ ክፍል በሩ ተከፍቶ አልጋው ንጹሕ አንሶላ ለብሶ አየች። ኦረስት ነው ያነጠፈው፤ ጥጎቹ አልተጠቀጠቁም። ሳሉ እንዳይቀሰቅሳት ለብቻው ሊተኛ ነው ብላ አሰበች። እንግዲህ አልጋም ለይቷል ብላ ይህንንም በቂሟ ላይ ጨመረችው።

በመኪና ሲሄዱ ኦረስት የኦክስጅኑን ጠርሙስ በጉልበቶቹ መሃል ይዞ በመስኮት ያያል። ሐይቁ አጠገብ ዝዮቹ ጫጩቶቻቸውን አስከትለው መንገድ ያቋርጣሉ፤ መኪናው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃቸዋል፤ ማንም ጥሩምባ አይነፋም። ቨርና መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ታያቸዋለች። በዚህ መኪና ነው ፓርቲውን የሠራችው። ስትረከበው አባላቱ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው የሚያልቁ ነበሩ፤ ስትለቀው የምክር ቤቱን ግራ ሞልተውት ነበር። በየገጠሩ በረዶ ላይ ስትንሸራተት፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የጎመን ጥቅልል ስትበላ፣ በየቀብሩ ስትቆም ነው ያን ሁሉ ሰው ያመጣችው። ጋርትንም ያመጣችው ራሷ ናት። የከርሊንግ አዳራሽ ውስጥ በረዶ ላይ ድንጋይ ሲገፋ፣ ኢንሹራንስ ሲሸጥ፣ ላሪሳን ሲያይ አገኘችው። ልጁ ጥርስ እንጂ ቃል አልነበረውም። ሰው ሲጨብጥ በሌላው እጁ ከክርን በታች ደገፍ አድርጎ እንዲይዝ፣ የሰዉን ውሻ ስም እንዲያስታውስ፣ ሰው አፉን ሳይከፍት ፊቱን እንዲያነብ አስተማረችው። ቶሎ ተማረ። ኅዳር ላይ ፓርቲው ሆቴል አዳራሽ ተሰብስቦ «መሪያችን ትቀጥል ወይ?» ብሎ ድምፅ ሰጠ፤ ከአሥሩ ስድስቱ ትቀጥል አሉ። ሌላ ቦታ ቢሆን ይህ ማሸነፍ ነው። እኛ ዘንድ ግን ከአሥሩ አራቱ ፊት የነሱት መሪ ሬሳ ነው፤ መሞቱን እንዲነግረው ብቻ ሰው ይላክበታል። የተላከው ጋርት ነበር። እነዚያን ከአሥሩ አራቱን በስልክ እየደወለ የሰበሰበውም ጋርት መሆኑ ኋላ ተሰማ። በበነጋው እሱ ሲመረጥ ላሪሳ ከፊት ወንበር ተነስታ አጨበጨበች። ቨርና ከዚያ ወዲህ ልጇን የምታናግራት ስለ አባቷ መድኃኒት ብቻ ነው፤ ያውም በአጭሩ።

የፓርቲው ክፍል ግድግዳ ላይ የቀድሞ መሪዎች ሥዕሎች ተደርድረዋል፤ የሞቱት፣ ያልሞቱት፣ የተባረሩት ሁሉ። የቨርና ሥዕል ግን እስካሁን የተቀመጠው ፎቶ ኮፒው ጀርባ፣ ፊቱ ወደ ግድግዳ ዞሮ ነው። ጸሐፊዋ ግሌንዳ ከሷ ጋር አብራ ያረጀች ሴት ናት፤ ቨርና ስትገባ ባየች ቁጥር ትሸማቀቃለች።

«አሁንም ሚስማር አልተገኘም?» አለቻት ቨርና።

«ስጠይቅ የግድግዳውን ቀለም ሊቀይሩ ነው አሉኝ።»

«ከኅዳር እስከ ግንቦት?»

«ቀለሙን እያማረጡ ነው መሰለኝ» አለች ግሌንዳ፤ ሁለቱም ሳቁ፤ የግሌንዳ ሳቅ ግን ከዓይኗ አልደረሰም። ቨርና ጎንበስ ብላ ሥዕሉን ገለጥ አድርጋ አየችው። አንድ ሰው ሥዕሉን አጋድሞ ግንባሯ ላይ የቡና ስኒ አስቀምጦ ኖሮ ቡናማ ክብ ወጥቶበታል። በመሐረቧ ጠረገችው፤ አልለቀቀም። ወደ ቦታው መለሰችውና መሐረቡን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። የዛሬውን ነገር ልቧ የቆረጠው ያኔ ነው ብል አልተሳሳትኩም። ጠዋት ንዴት ነበር፤ አሁን ሥራ ሆነ።

ምሳ ሰዓት ካፍቴሪያው ውስጥ ለብቻዋ ተቀምጣ ሾርባ ስታማስል ጋርት ትሪ ይዞ መጣ። ሱፉ አዲስ ነው፤ ሰማያዊ፤ ለዛሬ የተገዛ። «ደህና ዋሉ ቨርና? መቀመጥ ይቻላል?» አላት። በፊት እማዬ ነበር የሚላት፤ ከኅዳር ወዲህ አንቱ አላት። አክብሮት እንዳይመስላችሁ፤ በር መዝጋት ነው።

«ተቀመጥ። አገሩ ያንተ ነው።»

«ሾርባው ምንድነው?»

«የአተር ነው ተብሎ በስምንት ዶላር ይሸጣል። ውሃ ነው።»

ጋርት ፈገግ አለ፤ ማንኪያውን አነሳ፣ አስቀመጠ። «ከሰዓት በኋላ ሦስት ጊዜ ፈቃድ እንደሚጠየቅ ያውቃሉ። መንግሥትም እሺ ብሏል፣ የኛም ሰዎች እሺ ብለዋል። እርስዎን ግን እስካሁን ማንም...»

«ልትለምነኝ ነው የመጣኸው።»

«አዎ። ልለምንዎት ነው።»

«የኔ ሕግ ነው፣ ጋርት።»

«በእርስዎ ስም ቢሆን መንግሥት እሺ አይልም ነበር እኮ። ስምዎ ሰው ያስቆጣል። ጥናት አስጠንተናል።»

«ስሜን ማን እንደሚጠላው ለማወቅ ገንዘብ ከፈላችሁ? እኔን ብትጠይቁኝ በነጻ እነግራችሁ ነበር።» ሾርባውን ገፋችው። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። ተነስተህ ስትናገር ስሜን ጥራ። ይህን ሕግ የጻፈችው ቨርና ዱቻክ ናት በል። አንድ ጊዜ። ከዚያ አፌን ዘግቼ እቀመጣለሁ፤ ጥቅምት ላይ አልወዳደርም፤ ቤቴ ገብቼ ቲማቲሜን እተክላለሁ። ዓይኔን አታየውም።»

ጋርት ፊቷን አየው፤ እንዳስተማረችው አነበበው። «እሺ» አለ።

«እሺ አልከኝ?»

«እሺ አልኩሽ፣ እማዬ።» ትሪውን ይዞ ተነሳ፤ ሾርባውን አልቀመሰውም። እማዬ! ሰባት ወር ያልሰማቻት ቃል ናት። ለጥቂት ደቂቃ ያህል፣ ሾርባው እስኪቀዘቅዝ፣ ነገሩ ሁሉ በሰላም ያልቃል ብላ አሰበች፤ ኦረስትንም ይቅር ልትለው ምንም አልቀራት።

አሁን አንድ ነገር ልናገር፣ ካልተናገርኩ የሆነው አይገባም። በአንድ ቀን አንድ ረቂቅ ሦስቱንም ደረጃ አልፎ ሕግ እንዲሆን የምክር ቤቱ አባላት ሁሉ ፈቃድ ያስፈልጋል። አፈ ጉባኤው «ፈቃዳችሁ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ «አይ» ካለ አበቃ። አይ የሚል ሰው ደግሞ በእኛ ልማድ አይነሳም። ወንበሩ ላይ እንዳለ አንገቱን ደፍቶ፣ የወደቀ እስክሪብቶ የሚፈልግ መስሎ፣ ወደ ጠረጴዛው ስር «አይ» ይላል። መዝገቡ ላይ «አንዳንድ የተከበሩ አባላት፦ አይ» ተብሎ ይጻፋል እንጂ ማን እንዳለ አይጻፍም። በዚህ ባለቤት በሌለው አፍ ብዙ ነገር ሞቷል። የስብሰባ ዘመኑም ዛሬ ስለሚዘጋና በጥቅምት ምርጫ ስላለ፣ ዛሬ የሞተ ሁሉ ጨርሶ ሞተ ማለት ነው።

ቨርና የኋለኛው ረድፍ መጨረሻ፣ መጋረጃው አጠገብ ተቀምጣለች። ከላይ ሰገነቱ ላይ ከእንግዶቹ ፊት ኦረስት አለ፤ ነጩ ሸሚዝ ከሩቅ ያበራል። በግራው ባሏ ባለፈው ዓመት የሞተባት ወይዘሮ ፕሪስታይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ በቀኙ ላሪሳ። አፈ ጉባኤው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀ። አዳራሹ ዝም አለ፤ ቨርናም ዝም አለች። ከዚያ ጋርት ተነሳ። ጥሩ ተናገረ፣ መቼም እሷ ናት ያስተማረችው። መንግሥትን አመሰገነ። ሐኪሞችን አመሰገነ። የቢሮውን ሠራተኞች በየስማቸው ጠራ። ባለቤቱን አመሰገነ። «አማቴ ኦረስት እዚህ አለ» አለ፤ ሰዉ አጨበጨበ፤ ኦረስት እጁን ግማሽ ድረስ አንስቶ መለሰው። ቨርና እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። አሁን ይጠራኛል። አሁን። «ከእኔ በፊትም» አለ ጋርት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህን ሕግ ለማውጣት የሞከሩና ያልቻሉ ነበሩ። ዛሬ ግን ቻልን።» ተቀመጠ። ጭብጨባው በሁለቱም ወገን ጠረጴዛ መደብደብ ሆነ። ያልቻሉ! ሳይጠራት ቢቀር ይሻላት ነበር። ጠርቶ ስም ነሳት።

አፈ ጉባኤው ሁለተኛውን ፈቃድ ሲጠይቅ ቨርና አሁንም ዝም አለች፤ ዝም ያለችው ግን ስላመነታች ነበር። ወይዘሮ ፕሪስታይን አየቻት፤ ጓንቷን አውልቃ እንደገና ታጠልቃለች። ባሏን አየችው፤ ሐኪሙ ለሚቀጥለው በረዶ ይደርሳል ማለቱን ትቷል። እነዚህ ሰዎች ምን በደሉኝ አለች በልቧ፤ ከጋርት ጋር ያለኝን ከጋርት ጋር ልጨርስ። ዓይኗን ስታነሳ ከላሪሳ ዓይን ጋር ተገጣጠመ። ልጇ ከሰገነቱ ጫፍ ወደ ታች ጎንበስ ብላ ትክ ብላ ታያታለች። ከዚያ ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች። አታድርጊው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። በፊቷ ላይ ልመና ነበረበት። ለባሏ የምትለምን መስሎ ታያት። እናቷ ስትወርድ ያጨበጨበች ልጅ፣ ዛሬ ደግሞ ባሏ እንዳይዋረድ ከላይ ሆና እናቷን ታዛለች! ቨርና የቀረው ርኅራኄዋ ሲያልቅ ተሰማት። ሲያልቅ ደግሞ ቀለል ነው ያላት፤ ከባድ ካፖርት እንዳወለቀች።

«ለሦስተኛውና ለመጨረሻው ፈቃዳችሁ ነው?» አለ አፈ ጉባኤው፤ እስክሪብቶውን አንስቶ ነበር።

ቨርና ቆመች። ወንበሯ ተንሸራቶ የኋላውን ግድግዳ መታ። አንገቷን አልደፋችም፣ እስክሪብቶም አልፈለገችም። አፏን ሞልታ፣ ጸሐፊዎቹ ስሟን ያለስህተት እንዲጽፉት ቀና ብላ፣ «አልፈቅድም» አለች።

ለትንሽ ጊዜ ማንም የገባው አይመስልም ነበር። ከዚያ ከመንግሥት ወገን አንዱን ሳቅ አመለጠው፤ ሳቁ ተዛመተ። ጋርት ዞሮ አያት፤ ፊቱ ነጭ ሆኗል፤ አፉ ተከፍቶ ጥርሱ ብቻ ቀርቷል፣ በመጀመሪያው ቀን በከርሊንግ አዳራሽ እንዳየችው። ደስ አላት። ልዋሽላት አልፈልግም፤ ደስ አላት። ከእግሯ ጀምሮ ሙቀት ሲወጣ ተሰማት። ኅዳር ላይ ያልተነፈሰችውን ትንፋሽ ያን ጊዜ ተነፈሰችው። ወደ ሰገነቱ ግን ቀና ብላ አላየችም።

ኮሪደሩ ላይ ጋዜጠኞቹ ከበቧት። «ለምን?» አሏት። «ሌባ የኔን ዕቃ ፊቴ ላይ ሲሸጠው ቆሜ አላጨበጭብም» አለች፤ ይህችን ለብዙ ወር ሳታውቀው ስታዘጋጃት እንደነበር ስትወጣ ታወቃት። ጋርት በመሃል አለፈ። ጆሮዋ ስር ደርሶ ቆመ። «አባባን ገደልሽው» አላት። አንቱታው ቀርቶ ነበር። ማንን እንደገደለች ራሷ ታውቃለች፤ አንተን ነው አለች በልቧ። እሱ ግን ቀጥ ብሎ ወይዘሮ ፕሪስታይ ወደቆመችበት ካሜራዎቹም ወደተተከሉበት ደረጃ ወረደ።

ሲመለሱ ኦረስት ጠርሙሱን በጉልበቶቹ መሃል ይዞ በመስኮት ያያል። ቱቦው ብቻ ነው የሚናገረው። ቨርና እሱ ይጀምር ብላ ጠበቀች። ይቆጣ፣ ይሳደብ፣ ልመልስለት አለኝ ብላ ነበር። ቤት ሲደርሱ ካፖርቱን አውልቆ ሰቀለ፤ ነጩን ሸሚዝ አልቀየረም። ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች የገዛችውን ፔሮጊ፣ ድንች የተሞላ ሊጥ፣ ከማቀዝቀዣ አውጥታ ቀቀለች፣ በሽንኩርት ጠበሰች፣ የጎመዘዘ ክሬም ከጎኑ አደረገች። ተቀመጡ። ቴሌቪዥኑ ሳሎን ውስጥ በርቷል፤ ከጠረጴዛው ይታያል። የምሽቱ ዜና መጀመሪያ የቨርናን ፊት አሳየ፤ ስትቆም፣ አልፈቅድም ስትል። ቀጥሎ ጋርትን። ደረጃው ላይ ወይዘሮ ፕሪስታይን ይዞ ቆሟል፤ በአንድ እጁ እጇን፣ በሌላው ከክርኗ በታች ደገፍ አድርጎ። ዓይኑ እርጥብ ነው። «አልተሸነፍንም» ይላል ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። «አንዲት ሴት በቂም ዘጋችብን። ጥቅምት ላይ ብትመርጡኝ መጀመሪያ የምፈርመው ይህንን ነው።» በሕይወቱ እንዲህ አምሮበት አያውቅም። ቨርና ሹካዋን እንደያዘች ቀረች። ወንበሩን ልታሳጣው ተነስታ ምርጫውን እንደሰጠችው ለማወቅ የሃያ ዓመት ፖለቲከኛ መሆን አያስፈልግም፤ እሷ ደግሞ ናት።

ስልኩ ጮኸ። ማንም አልተነሳም።

«ላሪሳ ናት። አንሺው» አለ ኦረስት።

«አላነሳም። ከላይ ሆና ራሷን ስትነቀንቅብኝ አይቻታለሁ። ለባሏ ስትለምን።»

«ለባሏ መሰለሽ?» ኦረስት ሰሃኑን ገፋ አደረገ። ሲናገር ቶሎ ቶሎ ያርፋል። «ጠዋት ሬዲዮኑን ያስጮኸሽው ሰምተሽኝ ነው፣ አይደል?»

«ሰምቼሃለሁ። አፍህን ሞልተህ ስታመሰግነው።»

«እስከ የት ሰማሽ?»

«እሱ ባይኖር ኖሮ አይወጣም ነበር እስከምትለው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሬዲዮ ከፈትኩ።»

ኦረስት ዓይኑን ጨፈነ። «እንግዲህ መግቢያውን ነው የሰማሽው» አለ። «ጋርት እንዲህ በል ብሎ የሰጠኝን። ያን ብዬ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ ሲጥል፣ ካሜራው ሁሉ ሲዞር፣ ቀሪውን ልል ነበር። ቀሪውን ላሪሳ ናት ያስጠናችኝ። አንቺ ስትወጪ በስልክ፣ በየቀኑ። ትንፋሼ የት ላይ ማረፍ እንዳለበት ሁሉ ነግራኛለች። ሕጉ ከወጣ በኋላ ማንም ሊነካው አይችልም፣ ያን ጊዜ ጉዱን አፍርጠው፣ ከዚያ ሻንጣዬን ይዤ እመጣለሁ አለችኝ። አልጋዋን አነጠፍኩላት።»

ቨርና ወደ ኮሪደሩ አየች። የላሪሳ ክፍል በር እንደተከፈተ ነው። ስልኩ ዝም አለና እንደገና ጀመረ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«ደስ ሲልሽ ፊትሽ ይናገራላ! ጋርት ከምሳ በፊት ያነብብሽ ነበር። ማንበብ ያስተማርሽው አንቺ አይደለሽ?»

«ነገ ተናገር። ጋዜጠኞቹን እጠራልሃለሁ። ከፈለግህ አሁን እጠራቸዋለሁ።»

«ተናግሬ? ሕጉ የት አለና? ለሚስቱ ያደላል ይሉኛል፣ ሄደው ያችን ፕሪስታይን ያሳያሉ። ዛሬ ዜናው አንቺ ነሽ፣ ቨርና።» ክፋት አልነበረበትም አባባሉ፤ የደከመው ሰው ነው። ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሳ፣ ጋሪዋን አዞረ፣ እየጎተተ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደ። በሩን አልዘጋም።

ቨርና ተከትላው ኮሪደሩ ላይ፣ ጠዋት የቆመችበት ቦታ ላይ ቆመች። ኦረስት መስተዋቱ ፊት ቆሞ ኮሌታውን አስተካከለ። «ዛሬ እዚህ መቆም የቻልኩት በአማቼ በጋርት ብርታት ነው» አለ። አረፈ። «እሱ ባይኖር ኖሮ ይህ ሕግ አይወጣም ነበር።» ቱቦው እስስ አለ። «እንዲህ በል ብሎ ያዘዘኝ እሱ ነው። እኔ ግን አርባ ዓመት አብሬያት ስለኖርኩ እውነቱን ልንገራችሁ። አንድም ቃል አልጻፈም። መጀመሪያ ወንበሯን ወሰደ፣ ቀጥሎ ሕጓን፤ ስሟን ከየግድግዳው አወረደ፤ እናንተም ዝም አላችሁ፣ እኔም ዝም አልኩ። ይህን ሕግ የጻፈችው...» ትንፋሹ አለቀ። በሁለት እጁ የማጠቢያውን ጠርዝ ይዞ ጎንበስ አለ፤ ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል። ቨርና ልትይዘው አንድ እርምጃ ሄደች፤ እጁን አንስቶ አስቆማት። ስልኩ ማእድ ቤት ውስጥ ይጮሃል። ላሪሳ እስካሁን አልተወችም። ኦረስት ቀና አለ።

«ባለቤቴ ናት» አለ ለመስተዋቱ። «ቨርና ዱቻክ ትባላለች።»